በአፍንጫ ለሚረጭ የድብርት ሕክምና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ለምትኖሩና የድብርት ሕመማችሁ በሚዋጥ መድኃኒት አልሻል ብሏችሁ በአፍንጫ የሚረጨውን፣ ስፕራቫቶ የተባለውን መድኃኒት ለምታፈላልጉ ወገኖቼ ነው። ታናሽ እህቴ ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ክሊኒክ የስድስት ጊዜ ሕክምና ዋጋ 2,400 ዶላር በአንድ ጊዜ ከፈለች። በስልክ ያነጋገረቻት ሠራተኛ «ያው ስፕራቫቶ ነው፤ ኢንሹራንስሽን ሳትጠብቂ ትጀምሪያለሽ» ብላት ነበር። ከሳምንት በኋላ በፖስታ የደረሳት ግን ኬታሚን የሚል ወረቀት የተለጠፈባት አንዲት ቡናማ ጠርሙስ ነበረች፤ መመሪያውም ቤቷ ተቀምጣ እንድትረጨው ያዛል። ያን ዕለት እኔ በአጋጣሚ እቤቷ ባልገኝ ኖሮ ብቻዋን ትወስደው ነበር፤ ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይረበሻል።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስፕራቫቶ የሚባለው ኤስኬታሚን (የኬታሚን የቅርብ ዘመድ የሆነ መድኃኒት) ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ቢያንስ ሁለት የድብርት መድኃኒቶችን በበቂ መጠንና ጊዜ ወስደው ላልተሻላቸው አዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ፈቅዶታል። ኬታሚን ግን ለማደንዘዣነት የተፈቀደ እንጂ ለድብርት የጸደቀ አይደለም። ሐኪም አመዛዝኖ ሊያዝዘው ይችላል፤ ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። በደሉ አንዱን በሌላው ስም መሸጡ ላይ ነው። ኤፍዲኤም ፋርማሲዎች ቀምመው የሚያዘጋጁትን ኬታሚን ያለ ሐኪም ክትትል ቤት ውስጥ መውሰድ አደገኛ መሆኑን በ2023 አስጠንቅቋል።

እውነተኛው ስፕራቫቶ ሬምስ በተባለው የደኅንነት ፕሮግራም በተመዘገበ ተቋም ውስጥ ብቻ ይሰጣል እንጂ ለሕመምተኛው ወደ ቤት አይላክም። እህቴ አሁን የምትታከምበት ቦታ አብሬያት ገብቼ አይቻለሁ። መጀመሪያ የደም ግፊቷ ይለካል። ከዚያ ነርሷ 28 ሚሊግራም የያዘች ትንሽ መርጫ ትሰጣታለች፤ መርጫዋ ላይ ያሉት ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች በእያንዳንዱ አፍንጫ ቀዳዳ አንድ ጊዜ በተረጨ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠፋሉ። አምስት ደቂቃ አርፋ ሁለተኛዋን ትረጫለች፤ ሐኪሙ ካዘዘም ሦስተኛዋን። መድኃኒቱ ሊያፈዝ፣ ከራስ አካል የመለየት ስሜት ሊያመጣና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ግፊቷ ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ እንደገና ይለካል፤ እሷም ቢያንስ ሁለት ሰዓት እዚያው ትቆያለች። እንቅልፍ ጠግባ እስክትነሳ፣ ማለትም እስከ ማግስቱ ድረስ መኪና ስለማትነዳ፣ የምወስዳትና የምመልሳት እኔ ነኝ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም የማያደርግ ሰው ስፕራቫቶ እሰጣችኋለሁ ቢላችሁ አትመኑት።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ፣ «የስድስት ጊዜ ጥቅል» የሚለው አነጋገር ገና ሲጀመር ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር። የስፕራቫቶ የመጀመሪያው አራት ሳምንት ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ስምንት ቀጠሮ ነው፤ ቀጣዩ አራት ሳምንት ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ክሊኒኩ በሬምስ መመዝገቡን በቀጥታ ጠይቁ፤ ከስፕራቫቶ ድረ ገጽም የተፈቀደላቸውን ተቋማት ፈልጉ። ኢንሹራንሳችሁን ደግሞ ስለ መድኃኒቱ ዋጋና ስለ ሁለት ሰዓቱ ክትትል ክፍያ ለየብቻ ጠይቁ፤ አንዱን ሸፍኖ ሌላውን ላይሸፍን ይችላልና። ኢንሹራንሱ ሕክምናውን ለመሸፈን አስቀድሞ የሚሰጠውን ፈቃድ ለማግኘት ከዚህ በፊት የወሰዳችኋቸውን መድኃኒቶች ስም፣ መጠንና ጊዜ ከፋርማሲያችሁ አስወጥታችሁ ለሐኪማችሁ ብትሰጡ ብዙ ምልልስ ይቀንስላችኋል። የእህቴ ፈቃድ ሳምንታት ፈጅቷል፤ ያንን መጠበቅ ለታመመ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ መሃል ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ 988 ደውሉ።

እህቴ ጠርሙሷን ሳትከፍት ገንዘቧን ብትጠይቅም «ጥቅል አይመለስም» ተባለች፤ በክሬዲት ካርድ ሳይሆን ከባንክ ሒሳቧ በቀጥታ ስለላከችም ክፍያውን በባንክ በኩል ለመከራከር አልቻለችም። አሁን አቤቱታችንን ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አስገብተናል። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁንና የጠርሙሱን ፎቶ ይዛችሁ እናንተም በምትኖሩበት ግዛት አመልክቱ።