የሦስቱ አሳማዎች ተረት በሁለት ቀልደኛ መጻሕፍት

ተኩላ ቤታቸውን እፍ ብሎ ሊያፈርስ የሚመጣባቸውን የሦስቱን አሳማዎች ተረት ገልብጠው ከሚያስቁ የሥዕል መጻሕፍት ሁለቱን ላነጻጽር።

በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው የጆን ሼስካ መጽሐፍ ተራኪው ራሱ ተኩላው ሲሆን፣ ለአያቱ የልደት ኬክ ስኳር ከአሳማዎቹ ሊበደር ሄዶ ጉንፋን ስላስነጠሰው ብቻ ቤቶቹ እንደፈረሱ ከእስር ቤት ሆኖ ይከራከራል። የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ቃሉና ሥዕሉ አለመስማማታቸው ነው፤ ተኩላው ንጹሕ ነኝ ሲል፣ ሌን ስሚዝ በሣለው የኬክ ሊጥ ውስጥ የጥንቸል ጆሮዎች ብቅ ብለው ይታያሉ። ይህን ለመያዝ ግን ልጁ ዋናውን ተረት አስቀድሞ ማወቅና ተራኪም ሊዋሽ እንደሚችል መጠርጠር አለበት።

የዩጂን ትሪቪዛስ መጽሐፍ (1993 እ.ኤ.አ.) ግልጽ ነው። ክፉው አሳማ የሦስቱን የዋህ ተኩላዎች የጡብ ቤት በመዶሻ፣ የኮንክሪቱን በመሰርሰሪያ፣ በብረት የታጠረውን በድማሚት ካፈረሰ በኋላ፣ ከአበባ የተሠራው ቤት መዓዛ ልቡን ይለውጠዋል። ሄለን ኦክሰንበሪ የሣለቻቸው ተኩላዎች በጣም ያሳሳሉ።

ለአራት ዓመት ልጅ ያለማመንታት የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ከፊተኛው ሲጠነክር ሕፃኑ ቀጥሎ የሚመጣውን ራሱ ይገምታል። የሼስካው ማንበብ ለጀመረ፣ «እውነት ግን ማን ነው ጥፋተኛው?» ብሎ ለሚሟገት ልጅ ይስማማል።