የጎጃም አሮጌ ካርታዎች (1፡50,000)፦ የጠፉ መንደሮችን ለሚፈልግ

በ1970ዎቹ መጨረሻ መንደር ምስረታው ተበታትኖ የሰፈረውን ገበሬ ሳይሰበስብ በፊት ማን የት እንደሰፈረ፣ የጋራ ግጦሹም እስከየት ይደርስ እንደነበር ለማየት እነዚህን ሉሆች የሚተካ የለም። አንድ ኪሎ ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር ይታያል፤ የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ናቸው። ረግረጉና በበጋ የሚደርቀው ወንዝ ተለይተው ይነበባሉ። መራዊ አጠገብ ዛሬ የቆጋ ግድብ ውኃ የተኛበት ሸለቆ በአሮጌው ሉህ ላይ ገና ደረቅ መሬት ነው።

ሲገዙ የኅትመት ዓመቱን ብቻ አይመኑ፤ ኅዳጉ ላይ የአየር ፎቶው የተነሳበትን ዓመት ይፈልጉ። መንደሮቹ የዚያ ዓመት ናቸው።

ትልቁ ስሕተት የሚመጣው በኮምፒውተር ሲጫን ነው። ካርታዎቹ የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የቦታ ልኬት መነሻ ሥርዓት) ነው። ኪውጂአይኤስ (QGIS) በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ጂፒኤስ የሚጠቀምበትን ዳተም፣ ደብልዩጂኤስ 84ን (WGS 84)፣ ከመረጡ ሁሉም ነገር ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ የፈለጉት ፍርስራሽ ከወንዙ ማዶ ይገኛል። ምድርን በ6 ዲግሪ ስፋት በሚከፍለው በዩቲኤም (UTM) መረብ ዞኑ 37 ነው፤ ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ በስተምዕራብ ያለው የቀድሞው መተከል ግን 36። የሉሁን አራት ማዕዘን ከትክክለኛ መገኛቸው ጋር ካሰሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ያመሳክሩ፤ ጎጆ ይፈርሳል፣ ደብር ግን ብዙ ጊዜ ከቦታው አይነቃነቅም።

የሚያሳዝነው የቦታ ስሞቹ ናቸው፦ በላቲን ፊደል ስለተጻፉ ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ይምታታሉ። ለአካባቢው ሽማግሌዎች ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ያርሟቸዋል። የታጠፈ ሉህ አይግዙ፤ እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ስለሚሳሳብ ልኬቱ ይዛባል።