አንድ ዓመት ከፉል ስፔክትረም ካሜራ ጋር፦ ከእንጦጦ ዛፎች እስከ ብራና ዳዊት

ያገለገለ ሶኒ አልፋ 6000 ገዝቼ ፉል ስፔክትረም ካስቀየርኩት አንድ ዓመት አልፎታል። ክረምቱንም በጋውንም አብሮኝ ከርሟል። አዲስ ዕቃ ሲገዛ የሚመጣው ሞቅታ በርዷል። ስለዚህ ስለ ካሜራው ለመናገር ጊዜው አሁን ይመስለኛል።

በቅድሚያ ምኑ እንደተቀየረ ላስረዳ። የካሜራ ሴንሰር የሚሠራው ከሲሊኮን ነው። የእኛ ዓይን 700 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ ሲያቆም፣ ሲሊኮን እስከ 1100 ገደማ ያለውን ብርሃን ይቀበላል። ኢንፍራሬድ የሚባለው ይህ ትርፍ ብርሃን ቀለም እንዳያበላሽ ሁሉም አምራቾች ማለት ይቻላል ሴንሰሩ ፊት የሚያግድ መስታወት ያስቀምጣሉ። ፉል ስፔክትረም ማስቀየር ማለት ያንን መስታወት አውጥቶ በቦታው ሁሉን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ መስታወት መግጠም ነው። የኔን ሜሪላንድ ያለች እህቴ እዚያው አስቀይራ በሰው ላከችልኝ። ለማስቀየሪያው ብቻ ወደ 300 ዶላር ወጥቷል።

ሳያስቀይሩ፣ የሚታየውን ብርሃን አግዶ ኢንፍራሬዱን የሚያሳልፍ ፊልተር ብቻ ሌንሱ ላይ ገጥሞ ማንሳት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ግን በቀትር ፀሐይ እንኳ አንድ ፎቶ ብዙ ሴኮንድ ይፈጃል። ነፋስ ካለ ቅጠሉ ሁሉ ጭስ ይሆናል። የተቀየረው ካሜራ ግን በእጅ ተይዞ ያነሳል። በቀትር የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የሴንሰሩን የብርሃን ስሜት አይኤስኦ 200 ላይ አድርጌ በ1/250 ሴኮንድ አካባቢ እሠራለሁ። ሚረርለስ (ውስጡ የሚያንጸባርቅ መስታወት የሌለው) መሆኑም በጣም ጠቅሞኛል። ስክሪኑ ላይ የማየው ራሱ ኢንፍራሬዱን ነው። ፎከስ የሚደረገውም በዋናው ሴንሰር ስለሆነ አይስትም። ያ መስታወት ያላቸው ዲኤስኤልአሮች ግን ለፎከስ ሌላ ሴንሰር ስላላቸው፣ ከተቀየሩ በኋላ እንደገና ልክ ማስያዝ ይጠይቃሉ።

ካሜራውን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ሌላ ነው። ሙቀት ያሳያል? ከመሬት በታች ያለ ወርቅስ? አያሳይም። የሙቀት ካሜራ የሚሠራው ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ባለው ጨረር ነው። ይህኛው ከ1.1 ማይክሮሜትር አያልፍም። የሚያየው የፀሐይ ብርሃን ነገሮች ላይ አርፎ ሲመለስ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ላይ ያለችው አምፖል ስትበራ ታያላችሁ፤ እሷ ናት ኢንፍራሬድ። በአንዳንድ ስልኮች የፊት ካሜራም ትታያለች፤ ሞክሩት።

ሦስት የኢንፍራሬድ ፊልተር ገዛሁ፤ 590፣ 720 እና 850። ቁጥሩ ፊልተሩ ከየትኛው ናኖሜትር ጀምሮ እንደሚያሳልፍ ይናገራል። 590 ከሚታየው ብርሃን ብርቱካናማውንና ቀዩን ስለሚያስገባ ቀለም ይበዛዋል። በኮምፒውተር ቀዩንና ሰማያዊውን ቻናል (የፎቶውን የቀለም ክፍል) ሲያቀያይሩት ቅጠሉ ወርቃማ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል። 720 ደግሞ የተለመደው ኢንፍራሬድ ነው። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭ ነው ብሎ የሚይዘውን ቀለም) ሣር ላይ ወስዳችሁ ታነሳላችሁ፤ ቅጠል ይነጣል፣ ሰማይ የዛገ ብረት መልክ ይይዛል። ቻናሉ ሲቀያየር ሰማዩ ይስተካከላል። 850 ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ 590 ቶሎ ሰለቸኝ። ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ላይክ የሚያገኘው እሱ ነበር። ግን ሁሉም ፎቶ አንድ ይሆናል። ሱሉልታም ይሁን ቢሾፍቱ ያው ወርቃማ ዛፍ ነው። ቦታው ይጠፋል። አሁን ካሜራው ላይ ተገጥሞ የሚውለው 850 ነው።

እንጦጦ ማርያም አካባቢ ያነሳኋቸውን ሳያቸው ምክንያቱ ይገባኛል። ባህር ዛፉና ጥዱ ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። በ850 ግን ባህር ዛፉ ይነጣል፤ ጥዱ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በምኒልክ ዘመን የመጣው ዛፍና የአገሬው ዛፍ የት የት እንደቆሙ ተለይቶ ይታያል። ቅጠል የሚነጣው ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ሲውጥ ኢንፍራሬዱን ስለሚያሳልፈው ነው። ብርሃኑ ቅጠሉ ውስጥ ባሉት ሴሎችና በመካከላቸው ባለው አየር እየተንጸባረቀ ወደ ውጭ ይመለሳል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን እ.ኤ.አ. በ1910 አሳትሟል፤ የቅጠሉ ንጣትም በስሙ ይጠራል። ሳተላይቶች የሰብልን ጤንነት የሚለኩትም በዚሁ ነው፤ ቀዩንና ኢንፍራሬዱን እያነጻጸሩ።

ጊዜውን መምረጥ ያስፈልጋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ወቅት ለዚህ ካሜራ የተሠራ ይመስላል። ሣሩ ለምለም፣ አየሩ የታጠበ፣ ደመናው ቁርጥራጭ ነው። ከእንጦጦ ላይ የየረርና የፉሪ ተራሮች ጠርዛቸው ተስሎ ይታያል። አጭር ሞገድ ያለው ብርሃን በአየር ውስጥ በጣም ይበተናል፤ 450 ናኖሜትር ላይ ያለው ሰማያዊ ከ720ው ስድስት እጥፍ በላይ ይበተናል። በኢንፍራሬድ ሰማዩ የሚጠቁረውና ሩቁ ተራራ ጥርት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። አቧራን፣ ጭስንና ጉምን ግን አይበሳም። በየካቲት ሣሩ ደርቆ አቧራው ሲነሳ ካሜራውን ብዙም አልነካውም። ሌላው ፎቶ አንሺ ካሜራውን ቦርሳ በሚከትበት ቀትር ላይ መሥራት መቻሉ ግን ለኔ ትልቅ ትርፍ ነው።

ሰው ለማንሳት አልመክርም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሜላኒን የሚታየውን ብርሃን ያህል ኢንፍራሬዱን አይውጠውም። ስለዚህ ጠይሙም፣ ጥቁሩም፣ ቀዩም አንድ የገረጣ መልክ ይይዛሉ። የክንድ ደም ሥር ጎልቶ ይወጣል፤ ዓይን ጠቁሮ ይጎደጉዳል። የእህቴን ልጅ በሐበሻ ቀሚስ አንስቻት ነበር። ፊቷ የሷ አልነበረም። የቀሚሷ ጥለት ደግሞ ጭራሽ ጠፍቷል፤ ያ ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ክር ነጭ ሆኖ ከሸማው ጋር ተቀላቅሏል። መልካችንን የሚያጠፋ ፎቶ ለቁም ነገር አይሆንም። አንዳንድ ስስ ሰው ሠራሽ ጨርቅም በኢንፍራሬድ ዓይናችን ከሚያየው በላይ ስለሚያሳልፍ፣ ያላስፈቀድኩትን ሰው አላነሳም።

ገንዘቡ አልባከነም ያልኩት ግን መልክዓ ምድር ሳነሳ ሳይሆን ብራና ሳነሳ ነው። አጎቴ ከአያታችን የወረሱት ዳዊት አላቸው። መጨረሻው ላይ ውዳሴ ማርያም አለበት። አንዱ ቅጠል ላይ ውሃ ፈሶበት ቡናማ ሆኗል፤ ግማሹ አይነበብም። በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጬ በ850 አነሳሁት። ቡናማው እድፍ ሳስቶ ጠፋ። ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ብቅ አለ። የብራና ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅ ከሆነ፣ ጥላሸት ካርቦን ስለሆነ ኢንፍራሬዱን ይውጠዋል፤ እድፉ ግን ያሳልፈዋል።

አጎቴ ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ ቆም አሉ።

«የእመቤታችን ስም የታለ?»

በቀይ የተጻፈው ሁሉ የለም። ቀዩ ቀለም ኢንፍራሬዱን ስለማይውጠው ከብራናው ጋር አንድ ሆኗል። «ማርያም» የሚለው ስም በነበረበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። ፊልተሩን አውልቄ የሚታየውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን ገጠምኩና ደግሜ አነሳሁ። ሁለቱን ኮምፒውተር ላይ ስደራርባቸው ጥቁሩም ቀዩም ተሟላ። «አሁን ይነበባል» አሉና ቁጭ ብለው ደገሙት። ይህንን ሥራ ለኢንፍራሬድ ብቻ የተቀየረ ካሜራ አይሠራውም። አስቀያሪዎች «ፉል ስፔክትረም ይሁን ወይስ 720 ብቻ?» ሲሏችሁ ፉል ስፔክትረም በሉ።

የሚታየውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ፊልተር ካሜራውን ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ልክክ አይልም፤ ለቤተሰብ ፎቶ ግን ይበቃል። ካሜራው አሁን የሚቀበለውን ሌላውን የማይታይ ብርሃን፣ አልትራቫዮሌቱን፣ አልገባሁበትም። ተራ ሌንስ አብዛኛውን ስለሚያግደው ልዩ ሌንስና ልዩ ፊልተር ይጠይቃል፤ ዋጋው አይቀመስም።

ያስቸገረኝ ሌንስ ነው። ለሰው ፎቶ የምወደው 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኢንፍራሬድ መሃል ላይ ነጭ ክብ ይሠራል። በኤፍ 4 ብዙም አይታይም። ኤፍ 11 ላይ ግን ክቡ ጠርዝ አውጥቶ ቁጭ ይላል። ውስጡ ያለው ሽፋን ለኢንፍራሬድ ስላልተሠራ ብርሃኑ ወዲያ ወዲህ ይንጸባረቃል። በኤዲቲንግ ማጥፋት ይደክማል። ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራውን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ፈልጋችሁ በኤፍ 11 ሞክሩት። አቧራም ያው ነው፤ በጠቆረ ሰማይ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ትታያለች፤ ስለዚህ ውጭ ሌንስ አልቀይርም።

ለኤዲቲንግ ዳርክቴብልና ጊምፕ የሚባሉ ፕሮግራሞችን እጠቀማለሁ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ከአገር ውስጥ በካርድ ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ለሚቸግረው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚከፈልበት ፕሮግራም፣ የላይትሩም፣ የዋይት ባላንስ መስመር ከ2000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) በታች አይወርድም፤ ኢንፍራሬድ ደግሞ ከዚያ በታች ይፈልጋል። ስለዚህ ለሱ ለብቻው የካሜራ ፕሮፋይል መሥራት ግድ ነው። የትኛውንም ፕሮግራም ብትጠቀሙ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ። የተጨመቀው ጄፔግ ፋይል ቻናል ሲቀያየርበት ሰማዩ ይቆራረጣል።

ካሜራ አንድ ብቻ ያለው ሰው እሱን ያስቀይር አልልም። ያገለገለ ሁለተኛ ካሜራ ያለው ግን መሳቢያ ውስጥ ከሚያስቀምጠው ያስቀይረው። ከፊልተር ለመጀመሪያ 720 በቂ ነው፤ 850ን ቀስ ብሎ ይገዛል። እኔ 590ን ለጓደኛዬ ሰጥቻለሁ። ቀጥሎ የምፈልገው በ850 ነጭ ክብ የማይሠራ ማክሮ (በጣም ከቅርብ የሚያነሳ) ሌንስ ነው፤ የአጎቴ ዳዊት ገና ብዙ የቆሸሸ ቅጠል አለው።