ስድስት ቀን በጎንደርና በስሜን፦ ተራራው ሙሉ፣ ከተማው ጎደሎ

እህቴ 52 ዓመት ሲሞላት ምን ልግዛልሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ስሜን ውሰጅኝ» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በኅዳር 2010 የስድስት ቀን የጎንደርና የስሜን ተራሮች ጉዞ የገዛነው እንዲህ ሆኖ ነው። ያዘጋጀውን አስጎብኚ ድርጅት ስም አልጠራም። አንዳንዱን ነገር ክፉኛ ስለምወቅስ ነው። ደግሞም ጠያይቄ እንዳየሁት ብዙዎቹ የሚሸጡት ጉዞ ከሞላ ጎደል ያው ነው።

ፕሮግራሙ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በአውሮፕላን ጎንደር መግባት፣ ከሰዓት በኋላ ከተማ መጎብኘት። ከዚያ አራት ቀን ስሜን፣ ሦስቱን ሌሊት በድንኳን። በአምስተኛው ቀን ማታ ጎንደር ተመልሶ ማደር፣ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወደ አዲስ አበባ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል።

ቅሬታዬን ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። ጎንደር በግማሽ ቀን አታልቅም!

ምሳ በልተን የፋሲል ግቢ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን እዚህ ከተከሉ በኋላ ልጅና የልጅ ልጅ እየተከታተሉ የየራሳቸውን ሠርተዋል። የፋሲል ግንብ አለ። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዘፈን ቤት፣ የበካፋ ግብር ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ፣ የአንበሶቹ ቤት ሳይቀር አለ። የግቢው አጥር 900 ሜትር ይሆናል፤ 12 በር አለው። ለዚህ ሁሉ የተመደበልን ሃምሳ ደቂቃ ነው።

እኛ ስንሄድ የኢያሱ ግንብ ጣሪያ አልነበረውም። ውስጡ ቆሜ ቀና ስል ያየሁት ሰማይ ነው። በዘመኑ በወርቅና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎንደር ለማስለቀቅ ሲደበድቡ ቦምቡ አገኘው። አስጎብኚያችን ይህን ሁሉ የነገረን ወደ ፊት እየተራመደ፣ ፊቱን ወደ እኛ መለስ እያደረገ፣ በመሃል ሰዓቱን እያየ ነው። ልጁ እውቀት አልጎደለውም። እንዲያውም የጠየቅነውን ሁሉ መለሰ። የጎደለው ጊዜ ነው፤ እሱም የእሱ ጥፋት አይደለም።

ከዚያ ሮጠን ወደ ፋሲል መዋኛ። ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ በኅዳር ደረቅ ነው። እኔ ግን ከውኃው ይልቅ ዛፎቹን ወደድኳቸው። ሥሮቻቸው በግንቡ ድንጋይ ላይ እንደ ቀለጠ ሰም ፈሰው ድንጋዩን አቅፈው ይዘውታል። እዚያ አንድ ሰዓት ብቀመጥ ደስ ባለኝ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጠን።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሊመሽ ነው። ያ በመላእክት ፊት የተሞላ ጣሪያ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ በፖስት ካርድና በቀን መቁጠሪያ ላይ ሳየው ነው ያደግሁት። ቀና አልኩ። ጨለማ። በፍላሽ ማንሳት ክልክል ነው፤ መሆንም አለበት። እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመችና «ነገ ጠዋት እንመጣለን?» አለችው አስጎብኚውን። ነገ ጠዋት በ12 ተኩል ወደ ደባርቅ ነን።

እዚህ ላይ ድርጅቱን ደብዳቤ ጽፌ ወቅሼዋለሁ፤ መልሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ተራራው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ከጎንደር ደባርቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ላይ ወለቃ ቆምን። ቤተ እስራኤል የኖሩባት መንደር ናት፤ አሁንም የሸክላ ሥራ ይሸጥባታል። እህቴ መዳፍ የምታክል የሸክላ አንበሳ ገዝታ እስከ መጨረሻው በካልሲ ጠቅልላ ተሸከመቻት። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ገባን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ክፍያ ይፈጸማል፣ ስም ይመዘገባል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደባል። ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። ለእኛ የደረሱን ስልሳ ዓመት የሚጠጉ ጋሼ ናቸው። ጠመንጃቸውን በትከሻቸው፣ ጋቢያቸውን በጠመንጃው ላይ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። እኔ ለዚህ ጉዞ ብዬ የወር ደመወዜን ሩብ ያወጣሁበት ቡትስ እግሬን ልጦኝ ሳነክስ፣ እሳቸው ዳገቱን እያፏጩ ይወጡታል። «አይዞሽ እቴ፣ ቀረብሽ» ይሉኛል። አልቀረብኩም ነበር።

ከቡይት ራስ ጀምረን በእግር ወደ መጀመሪያው ማደሪያችን፣ ወደ ሳንቃበር። የመጀመሪያው ገደል ድንገት ነው የሚመጣው። ሜዳ ላይ እየሄዳችሁ መሬቱ ያልቃል፤ በቃ። ከታች እንደ ጥርስ የቆሙ አምባዎች፣ ከአምባው ግርጌ ቆሎ የምታክል ጎጆ፣ ከጎጆው ጭስ። እህቴ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም፤ ለእሷ ይህ ብርቅ ነው።

ጭላዳዎቹም እዚያው ናቸው። መንጋው ሁለት መቶ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ማየት ይገርማል። ቂጡን መሬት ላይ እያንሸራተተ በሁለት እጁ ይነቅላል፣ ይነቅላል፣ ወደ አፉ ይልካል። ጤፍ የሚያርሙ ሴቶች መሰሉኝ። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ገላ ከቅርብ ሲያዩት ቁስል ይመስላል። ወንዱ ጎፈሩን ነፋስ ሲነሰንሰው ራሱን የሚያውቅ ይመስለኛል። ሲመሽ ሁሉም ተራ በተራ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፤ መኝታቸው የገደሉ ከንፈር ላይ ነው። ነብርም ጅብም አይደርስባቸውም። ከሦስት ሜትር ርቀት አየናቸው፣ ዞር ብለውም አላዩን።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበቤ ስለሆንን፣ የምንኖረውም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከፍታ አይነካንም ብለን ተኩራርተን ነበር። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ራሴ እንደ ከበሮ ሲመታ አደረ። ውኃ በብዛት ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። የጎንደሩ ሌሊት ትንሽ ረድቶናል ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ ላይ ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ልክ ነው።

ከሳንቃበር ወደ ግጭ ያለው መንገድ ወረቀቱ ላይ «ቀላል የእግር ጉዞ» ተብሏል። የጻፈው ሰው አልሄደበትም። ሰባት ሰዓት ፈጀብን። በመሃል የጅንባር ፏፏቴ አለ፤ ከ500 ሜትር በላይ እንደሚወርድ ይነገራል። ከፊት ለፊቱ ባለው የድንጋይ አፍንጫ ላይ ሆነው ሲያዩት ውኃው ታች ሳይደርስ ጉም ይሆናል። ከዚያ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያ ዳገት። የአስታው ዛፍ እያለቀ የጓሳው ሣር ሲጀምር ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ብቅ ይላሉ። ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብባል፤ ካበበ ይሞታል። የደረቁት ግንዶች ከሩቅ ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ።

ግጭ ዙሪያ መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንዲሠፍሩ ተደርጓል። ፓርኩ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነው። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ የመንደሩ መነሣት ትልቅ ድርሻ አለው። ሣሩ ሲያገግም በዓይን ይታያል። ጋሼ ግን ስለዚህ ስንጠይቃቸው «ሣሩስ ጥሩ ነው» ብለው ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ምግቡን ማመስገን አለብኝ። አብሳያችን በአንዲት የናፍጣ ምድጃ ሽሮ፣ አትክልት፣ ጠዋት ጠዋት ገንፎ ሠርቶልናል። ምስር ግን አልበስል አለው። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ምስሩ ይንተከተካል እንጂ አይለሰልስም። ሁለት ሰዓት ጠብቀን በመጨረሻ እየቆረጠምን በላነው። ዳቦአችንን ደግሞ ቁራ ሰረቀን። የስሜን ቁራ መንቁሩ የበሬ ቀንድ ያክላል፤ አፍንጫችሁ ስር ገብቶ ይወስዳል። ምግብ ክፍት አትተዉ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ። የመኝታ ከረጢት በድርጅቱ ይቀርባል ተብሎ ነበር። ቀረበ። የእኔ ዚፕ የለውም። ግጭ 3,600 ሜትር ነው፤ ጠዋት ስንነሣ ድንኳኑ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከረጢቱን በእጄ ጨብጬ አደርኩ። ሰባት ሰዓት ላይ እህቴ ጋቢዋን ወረወረችልኝ። ፔርሙዝ ውስጥ የቀረች ሻይ ነበረች፤ እሷን ተካፍለን ጠጣን። ሂሳብ የሚከፍል ደንበኛ እንዲህ አይደረግም። ከመነሣታችሁ በፊት ደባርቅ ላይ ዕቃውን አስከፍታችሁ እዩ፤ ዚፑን ሳባችሁ ሞክሩት።

አራተኛው ቀን የጉዞው ልብ ነው። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ በሦስት በኩል ገደል የሆነች የመሬት ጫፍ ናት። ጢማሙ አሞራ ከእግራችሁ በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን ታያላችሁ። አጥንት ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ይጥላል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላል። ከዚያ እናትዬን አልፈን ወደ ጨነቅ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈጃል። እህቴ መጨረሻው ላይ በቅሎ ጠየቀች። በቅሎው ዕቃ ጭኖ ቀድሞ ሄዷል። «ስሙ ራሱ ጨነቅ አይደል» አለች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። ለእግር የሚሰጉ ካሉ ትርፍ በቅሎ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እኛ አልጠየቅንም፣ ድርጅቱም አልነገረንም።

በማግስቱ ጠዋት ጨነቅ ላይ ዋልያ አየን። ዋልያን እስከዚያ የማውቀው በብሔራዊ ቡድናችንና በቢራ ስም ነው። በዓለም ላይ ያለው ስሜን ውስጥ ብቻ ነው። ሦስት ወንዶች ቁልቁለቱ ላይ ቆመዋል፤ ቀንዳቸው ወደ ኋላ ታጥፎ ጀርባቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጋሼ በሹክሹክታ «እነኋቸው ጌቶቹ» አሉ። ቀይ ቀበሮ አላየንም። እናሳያችኋለን የሚል ካለ አትመኑት፤ ዕድል ነው።

ማታ ጎንደር ተመለስን፤ ፒያሳ አካባቢ አዝማሪ ቤት ገባን። ይህ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም፤ አስጎብኚው በራሱ ጊዜ ነው የወሰደን። «ከስሜን ነው የመጡት» ብሎ ለአዝማሪው ሹክ አለው መሰለኝ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ እህቴ ፊት ቆመ፦

ጨነቅ ደርሳ መጣች ተራራውን ንቃ፣
ከወንበር መነሣት አቃታት ተጨንቃ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ነው፤ ለመሸለም መነሣት አቅቷት ብሩን በእኔ እጅ ላከችለት።

በስድስተኛው ቀን ፕሮግራሙ የሚለው «ነፃ ጊዜ፣ የገበያ ጉብኝት» ነው። ገበያውን ትተን በባጃጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን፤ በሁለታችን ብቻ። ጠዋት ነው። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ወለሉን ነክቶ ወደ ላይ ይመለሳል። መላእክቱ ተገለጡ። በረድፍ በረድፍ፣ ክንፋቸው ከአንገታቸው፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የሚያይ። እዚያ ያሉ አባት እ.ኤ.አ. በ1888 ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህችን የንብ መንጋ እንደጠበቃት ነገሩን። ቀስ ብለው ነው የነገሩን። ማንም ሰዓት አላየም። አራት ቀን ገደልና ዝምታ አይተን ስለመጣን ይሁን አላውቅም፣ በመጀመሪያው ቀን ያልነበረ ትዕግሥት ነበረን።

ስለዚህ ለምትሄዱ ምክሬ ይህ ነው። ድርጅቱን አንድ ሙሉ ቀን ጎንደር ጨምሩልን በሉት፤ የሚጨመረውም ከተራራው በኋላ ይሁን። እዚያው ጎንደር ያለውን የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም እኛ ሳናየው ነው የተመለስነው።

የድርጅቱ መልስ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። የከተማውን ጊዜ «እንመለከተዋለን» ይላል። ስለ ከረጢቱ ይቅርታ ጠይቀው በሚቀጥለው ጉዞ አዲስ እንደሚሰጡን ጽፈዋል። ለእህቴ አነበብኩላት። እሷ ግን ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ወጥታ የራሷን ገዝታለች፤ ዚፑንም አሥር ጊዜ ስባዋለች። ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር መሆኑን የነገራት ማን እንደሆነ እያጣራሁ ነው።