የእርድ ካፕሱል ወይስ የአልጫው እርድ?

በየፋርማሲው የሚታየው «500 ሚሊ ግራም ኩርኩሚን ከቁንዶ በርበሬ ጋር» የሚል ብልቃጥና የሱቁ የእርድ ዱቄት አንድ ነገር አይደሉም። ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ኩርኩሚን በደረቅ እርድ ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ነው፤ 3 ግራም የሚመዝን አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት የሚሰጠው 90 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለቀን የተቀበለው የኩርኩሚን መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ይሆናል። አንዷ ካፕሱል ከእጥፍ በላይ ታልፈዋለች።

ቁንዶ በርበሬው በከንቱ አልተጨመረም። በውስጡ ያለው ፓይፐሪን ሰውነት ኩርኩሚንን ቶሎ እንዳያስወግድ ያግዳል፤ ችግሩ አንዳንድ መድኃኒቶችንም እንዲሁ ማቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጣሊያን ውስጥ እንዲህ ያለ ማሟያ በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት መቆጣት ታይቷል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ብልቃጡን ባይነካው ይሻላል። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምን በመጠኑ እንደሚያስታግስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ «ካንሰር ይፈውሳል» የሚለው ግን የሻጭ ወሬ ነው።

ለወጥ ከሆነ ደረቁን ሥር ገዝቶ ማስፈጨት ይመረጣል። ላዩ ደብዘዝ ያለ፣ ሲሰበር ውስጡ ደማቅ ብርቱካናማ መሆን አለበት። ላዩ ከውስጡ በልጦ ካበራ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ ባንግላዴሽ ውስጥ ይኸው ተደርሶበታል። ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ መፈተሽ አያስተማምንም። ኩርኩሚን በውኃ ስለማይሟሟ ሽንኩርቱ በዘይት ወይም በቅቤ ሲቁላላ ይግባ። ብርሃንም ያበላሸዋልና በግልጽ ላስቲክ ፀሐይ ላይ የተሰቀለውን ይለፉት።