የእህቴን የምርመራ ውጤት ማንበብ የነበረባት እሷ ነበረች

ዘንድሮ ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ ተመለስኩ። በረራውም፣ ታክሲውም፣ ሲም ካርዱም ደህና ነበር፣ ስለነሱ ብዙ የምለው የለኝም። የአንድ የሕክምና ተቋም ድረ ገጽ ነገር ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ስሙን አልጠራም።

ታላቅ እህቴ ማየት ከተሳናት ቆየች። ስልኳን የምትጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው። ጣቷን ስታንሸራትት ያነብላታል፣ ሁለቴ ነካ ስታደርግ ይከፍትላታል። ፍጥነቱን የእኔ ጆሮ አይከተለውም፣ እሷ ግን አንድ ቃል አያመልጣትም። መልእክት ትጽፋለች፣ የባንክ ሒሳቧን ታያለች። ስለዚህ "ቀጠሮውን ራሴ እይዛለሁ" ስትለኝ ምንም ሳልጠራጠር አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ገጹ ተከፈተ። "ቁልፍ" አላት። አለፈችው። "ቁልፍ"። "ምስል"። "ቁልፍ"። እኔ ሳየው የካላንደር ሥዕል አለ፣ የስልክ ሥዕል አለ፣ የሰው ሥዕል አለ፣ ያምራል። ግን የሠራው ሰው ለሥዕሎቹ ስም አልሰጣቸውም። ስም ከሌላቸው ስክሪን ሪደሩ ከየት አምጥቶ ያንብብ? ኮዱ ውስጥ "ቀጠሮ ለመያዝ" ብሎ መጻፍ እኮ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

በግምት ቅጹን አገኘችው። ሳጥኖቹም ስም የላቸውም፣ የቱ ስልክ ቁጥር የቱ የትውልድ ቀን እንደሆነ እየገመተች ሞላች፤ ቀኑ ላይ ስትደርስ ደግሞ ካላንደሩ በዓይን አይቶ ካልነኩት በቀር እምቢ አለ፣ እሱን እኔ መረጥኩላት፣ ያን ስናደርግ ገጹ ለመሙያ የሰጠው ሰዓት አልፎ ሁሉም ነገር ተሰረዘ። ሳያስጠነቅቅ! እንደገና ጀመርን። እንደገና ተሰረዘ። በሦስተኛው ተሳካልን።

ክፍያው ባሰ። "ክፈል" የሚለውን ነካች፣ ስልኩ ዝም አለ። ለካ ከላይ አረንጓዴ ምልክት መጥቶ "ተከፍሏል" ብሏል፣ ግን ለስክሪን ሪደሩ የሚነግረው ነገር አልተሠራለትም። እሷ ክፍያው አልሄደም ብላ ደገመችው። ሁለት ጊዜ ተቆረጠባት። ስንደውል "ስክሪኑ ላይ ጽፎላችኋል እኮ" አሉን። ማየት እንደማትችል ነገርኳቸው። "ታዲያ የሚያይ ሰው አጠገቧ የለም?" አሉ። ገንዘቡ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እሱስ ተመለሰ።

ውጤቱ በኢሜይል መጣ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ፒዲኤፍ አድርገውታል። ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ነው፣ ለስክሪን ሪደር ግን ባዶ ሥዕል። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። "በል አንብብልኝ" አለች። አነበብኩላት። አንዲት ሴት ለታናሽ ወንድሟ ቀድማ የምትነግረው ነገር አልነበረም። እኔ ከእሷ በፊት አወቅሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያነበብኩት፣ እሷም ፊቷን አዞረች።

የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚያም ብዙ የሚያናድዱ ገጾች አሉ። ግን የአሜሪካ የጤናና የሰብአዊ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ከእሱ ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ድረ ገጻቸውንና መተግበሪያቸውን ደብሊው ሲ ኤ ጂ 2.1 ከሚባለው፣ ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ከሚደነግገው መመዘኛ ጋር፣ ድርብ ኤ በሚባለው መካከለኛ ደረጃው፣ እንዲያስተካክሉ ደንብ አውጥቷል። መመዘኛው ራሱ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ ይነበባል። 2.2 የሚባለው እትምም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ወጥቷል። እኛን ያንገላታን ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ሰዓት ሊያልቅ ሲል አስጠንቅቅ፣ በቀላሉ ለማራዘምም ቢያንስ 20 ሰከንድ ስጥ ይላል። ገጹ ላይ የተለወጠውን ለስክሪን ሪደር አሳውቅ ይላል። የፊደሉና የመደቡ ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል። የዚያ ተቋም ግራጫ ፊደል በነጭ ላይ ለእኔም አስቸግሮኛል።

ደግሞ ማየት ለተሳናቸው ብቻ አይደለም። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ትንንሽ ቁልፍ ፈተና ነው። መስማት ለተሳነው "ለቀጠሮ ይደውሉ" ብቻ ማለት በር መዝጋት ነው።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ማውሱን አስቀምጡትና በኪቦርዱ ብቻ፣ በታብ ቁልፍ እየተዘዋወራችሁ፣ ቀጠሮ ያዙ። ከዚያ ኤንቪዲኤ የሚባለውን የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር አውርዱ፣ ነፃ ነው፣ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ድገሙት። ከዚያ ደግሞ እንደ እህቴ ያለ ሰው ጠርታችሁ፣ ለሚያጠፋው ጊዜ ከፍላችሁ፣ ሲጠቀም ተመልከቱ። ለአካል ጉዳተኞች የተባለ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ጥግ ላይ ለጥፎ "አካል ጉዳተኞችን አካትተናል" ማለት ከሥር የተበላሸውን አያስተካክለውም።

ከመመለሴ በፊት ያየሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ለተቋሙ ሰዎች ጻፍኩላቸው። ከሁሉ በፊት የጠየቅኳቸው የሚቀጥለውን ውጤት በጽሑፍ እንዲልኩላት ነው። ትናንት ደወለችልኝ። ልከውላታል፣ ስልኳ አንብቦላታል። ምን እንደሚል አልጠየቅኳትም።