ታክሮሊመስ ወይስ ሳይክሎስፖሪን? ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ ስኳር እንዳይመጣ

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ድሮ ስኳር ባይኖርበትም ከዚያ በኋላ ሊይዘው ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚወሰደው መድኃኒት መጠን ከፍ ባለበት ጊዜ። ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ስለሆኑ «የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስኳር፦ ታክሮሊመስ ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙን ስለሚያዳክም የበለጠ ያሰጋል። እዚህ ላይ ሳይክሎስፖሪን ይሻላል።

ኩላሊቱን ማቆየት፦ ታክሮሊመስ ይበልጣል። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው በመከላከል ጠንካራ ስለሆነ አብዛኛው ሐኪም የሚጀምረው በእሱ ነው። ስኳርን ፈርቶ ኩላሊቱን አደጋ ላይ መጣል ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሌላ ጣጣ፦ ታክሮሊመስ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ፀጉር ያሳሳል። ሳይክሎስፖሪን ድድ ያሳብጣል፣ ፀጉር ያበዛል፣ ኮሌስትሮልም ከፍ ያደርጋል።

ክትትል፦ ሁለቱም የደም ምርመራ ይፈልጋሉ። ጠዋት ፕሬድኒሶሎን (አብሮ የሚሰጥ ስቴሮይድ መድኃኒት) የሚውጥ ሰው ደግሞ በባዶ ሆድ ሲለካ ስኳሩ ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ሊያሻቅብበት ስለሚችል፣ ከምሳ በኋላም ይለካ።

በቤተሰቡ ስኳር ላለ፣ ወፈር ላለና ኩላሊቱ የመገፋት ስጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሳይክሎስፖሪንን ነገር ለሐኪሙ ማንሳት ያዋጣል። ለሁለተኛ ጊዜ ለተተከለለት ወይም መገፋት ለገጠመው ግን ታክሮሊመስ። ብቻ በራስዎ ውሳኔ መጠኑን እንዳይቀንሱ፣ መድኃኒቱንም እንዳይቀይሩ!